በጡብ ቅስቶች ላይ የቆመ ባቡር
የለንደንና የግሪንዊች መስመር ታሪክ ለመሐንዲስ የሚሰጠው ትምህርት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዕድሜም ሆነ በሥራ ልምድ ከእኔ የሚበልጡ መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አዘጋጆቹ ስለ አንድ የከተማ ዳርቻ የባቡር መስመር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ፍጥነትና ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች የሚያወሳ ንግግር ትጠብቁ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ከዚህ ዓይነቱ መስመር ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት አንዱን፣ ርዝመቱም ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ነው። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ከለንደን ብሪጅ ተነሥቶ እስከ ግሪንዊች የሚደርሰው መስመር ነው።

ይህን መስመር የመረጥሁበት ምክንያት አንድ ነው። መሥራቾቹ በእርግጠኝነት ከተናገሩት ነገር ብዙው አልተፈጸመም፤ የሠሩት ሥራ ግን ወደ ሁለት መቶ ዓመት እየተጠጋ እስከ ዛሬ ድረስ ሕዝብ ያመላልሳል። ዕቅዱ ሲወድቅ ሥራው እንዴት ሊቆም ቻለ? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ አገራችን ከማነሣባቸው ቦታዎች በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

የመስመሩ ሐሳብ የተጠነሰሰበትን ዘመን እናስታውስ። አገራችን ገና በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች፤ አዲስ አበባም አልተቆረቆረችም። በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር ሐዲድ በ1830 ተከፍቶ፣ የእንፋሎት ባቡር ሁለት ታላላቅ ከተሞችን ለማገናኘት የሚችል መሆኑን አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ በአብዛኛው የሚታሰበው የድንጋይ ከሰልና የንግድ ዕቃ ማጓጓዣ፣ ቢበዛም ሩቅ አገር ለሩቅ አገር ማገናኛ ሆኖ ነው። አንድ ሰው ጧት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሥራው ይሄድበት፣ ማታም ይመለስበት ዘንድ በአንድ ከተማ ጥግ ላይ ባቡር መዘርጋት እንግዳ ሐሳብ ነበር።

የለንደንና የግሪንዊች ኩባንያ ያቀረበው ሐሳብ ግን ይኸው ነበር። በዴትፎርድ የመርከብ መሥሪያ፣ በግሪንዊችም የባሕር ኃይል ጡረተኞች መኖሪያ የነበረው ታላቁ ሆስፒታል ይገኙ ነበር። ከዚያ ወደ ከተማው እምብርት የሚመላለሰው ሕዝብ በእግሩ፣ በፈረስ ጋሪ ወይም በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ይጓዝ ነበር። ኩባንያው የሚጭነው ከሰል የለውም፤ የሚያደርሰው ወደብ የለውም። የገቢው ተስፋ በሙሉ ያረፈው በተሳፋሪው ሳንቲም ላይ ነው። የእንግሊዝ ምክር ቤትም በ1833 ፈቃዱን በሕግ ሰጠው።

የሥራው መሐንዲስ ከጦር ሠራዊት የምህንድስና ክፍል በጡረታ የተገለሉት ኮሎኔል ጆርጅ ላንድማን ነበሩ። የገጠማቸውም ችግር ዛሬ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ከፊሉ ሰው የሰፈረበት መንደር፣ ከፊሉም ዝቅ ያለና ውሃ የሚያቁር የአትክልት ቦታ ነበር። ሐዲዱን በምድር ላይ ቢዘረጉት መንገዶቹን ሁሉ ይቆርጣል፤ በአፈር ቁልል ላይ ቢያሳልፉት ብዙ መሬት ይወስዳል። ስለዚህ ኮሎኔሉ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጡብ ቅስቶች ላይ ለማሳለፍ ወሰኑ። በ1834 የተጀመረው ሥራ ሲጠናቀቅ 878 ቅስቶች ያሉትና 60 ሚሊዮን ያህል ጡብ የፈጀ ረጅም ድልድይ ሆነ። መንገዱ፣ ጋሪውና እግረኛው ከሥር፣ ባቡሩ ደግሞ ከላይ አለፉ።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ከስፓ ሮድ እስከ ዴትፎርድ፣ በየካቲት ወር 1836 ለሕዝብ ተከፈተ። ዋና ከተማዋ ለንደን የእንፋሎት ባቡር ተሳፋሪ በውስጧ ሲመላለስ ያየችው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መስመሩ እስከ ለንደን ብሪጅ ደረሰ። በዴትፎርድ በኩል ደግሞ የጀልባዎችን መተላለፊያ ሳይዘጋ ወንዙን የሚሻገር ተነሺ ድልድይ መሥራት አስፈላጊ ስለ ነበረ፣ ግሪንዊች የተደረሰው በታኅሣሥ 1838 ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የመልካም ሥራ ታሪክ ነው። አሁን ወደ ስሕተቶቹ ልለፍ፤ ለሙያችን የሚበጀው ትምህርት ያለው በእነርሱ ውስጥ ነውና።

አንደኛው ስሕተት ከቅስቶቹ ሥር የሚገኘውን ባዶ ቦታ ይመለከታል። ኩባንያው በእያንዳንዱ ቅስት ሥር መኖሪያ ቤት ተሠርቶ ይከራያል፤ የኪራዩም ገንዘብ የድልድዩን ወጪ ይደጉማል የሚል ተስፋ ነበረው። በዴትፎርድ አጠገብም ለናሙና ቤቶች ተሠሩ። ነገር ግን ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ጣራው ያስተጋባል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥርም ውሃው በጡቡ ውስጥ እየሰረገ ወደ ክፍሉ ይንጠባጠባል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል? ሐሳቡ ተትቶ ቅስቶቹ ለመጋዘን፣ ለጋጣና ለልዩ ልዩ የእጅ ሥራ መሥሪያነት ዋሉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጥቂት ዓመት እንዳገለገልሁ በአንድ የመኪና መንገድ ድልድይ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ገንዘቡ እያጠረ በመሄዱ፣ ከድልድዩ ወለል ላይ የሚፈሰውን ውሃ የሚያወጡት ቱቦዎች ቁጥር እንዲቀነስና ውሃ የማያስገባው ልባስም እንዲቀር የሚጠይቅ ወረቀት ቀረበልኝ። ድልድዩ በዚህ ምክንያት እንደማይወድቅ በሒሳብ አረጋገጥሁና ፈረምሁ። እውነትም አልወደቀም። ነገር ግን ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ወደ ሥፍራው ተመልሼ ከሥር ስመለከተው፣ ከአርማታው ውስጥ ታጥቦ የወረደው ኖራ እንደ እንባ ነጭ መስመር ሠርቶ፣ አልፎ አልፎም የብረቱ ዝገት ብቅ ብሎ አየሁ። ለእድሳቱ የወጣው ገንዘብ በቱቦዎቹ ከተረፈው ብዙ እጥፍ ነበር። የማንንም መሥሪያ ቤት ስም ለመጥራት አልፈልግም፤ ፊርማው የእኔ ነበርና። ስለዚህ ስለ ኮሎኔል ላንድማን ቅስቶች ባነበብሁ ጊዜ ለመሳቅ አልደፈርሁም። ውሃ ዛሬም እንደ ጥንቱ መሐንዲሱ የረሳውን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛል።

ሁለተኛው ስሕተት የሐዲዱ አነጣጠፍ ነበር። በዘመኑ አስተሳሰብ ጠንካራ ማለት የማይነቃነቅ ማለት ስለ ነበረ፣ ሐዲዱ በአርማታ ውስጥ በተቀበሩ ጥርብ ድንጋዮች ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ውጤቱ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። የባቡሩ ጎማ የሚሰጠው ምት መላወሻ ስላጣ ወደ ፉርጎውና ወደ ቅስቱ ተመለሰ፤ ጩኸቱ በረታ፤ ሐዲዱና ተሽከርካሪውም በቶሎ ተጎዱ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ድንጋዩ እየተነሣ በአግዳሚ እንጨት ተተካ። በጠጠር ላይ የተነጠፈ አግዳሚ ሸክሙን እያከፋፈለ፣ በመጠኑም እየተላወሰ ምቱን እንደሚያበርደው ለሁላችን የታወቀ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ይህን ለማወቅ ዋጋ መክፈል ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ የኩባንያው ሰዎች ሊመሰገኑ የሚገባቸው፣ የተሳሳቱት ነገር ክብራቸውን እንዳይነካ ብለው ለሃያ ዓመት ሳይሟገቱ በቶሎ ስላረሙት ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉም የከበደ ነበር። ድልድዩ የተሠራው ለሁለት ሐዲድ ብቻ፣ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመመለሻ፣ ተብሎ ነው። ለግሪንዊች ተሳፋሪ ይህ ይበቃ ነበር። ሆኖም መስመሩ ገና ግሪንዊች ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1839፣ ከክሮይደን የሚመጣ ሌላ የባቡር ኩባንያ ኮርቤትስ ሌን በሚባለው ቦታ ላይ ከዚሁ ሐዲድ ጋር ተጋጠመ። ከዚያም የብራይተንና የደቡብ ምሥራቅ ኩባንያዎች ባቡሮች ተከተሉ። አንዲት ጠባብ ድልድይ የአራት ኩባንያ ባቡር መግቢያ ሆነች። በመጋጠሚያው ላይ የመብራት ማማ የሚመስል ቤት ተሠርቶ አንድ ምልክት ሰጪ ተቀመጠበት። ይህም ቤት በባቡር ታሪክ ውስጥ ከምልክት መስጫ ጣቢያዎች ቀዳሚ ተደርጎ የሚጠቀስ ነው። የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት በዚያ አንድ ሰው ንቃት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የግሪንዊች ኩባንያም በበኩሉ የግንባታው ወጪ ከግምቱ እጅግ ስላለፈበት፣ በሐዲዱ ላይ ከሚያልፈው ከእያንዳንዱ የሌላ ኩባንያ ተሳፋሪ የመተላለፊያ ዋጋ ይሰበስብ ጀመር። ባለ መንገዱ ዋጋውን ባከበደ ቁጥር መንገደኛው ሌላ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። ሁለቱ ተጎጂ ኩባንያዎች ተባብረው በ1844 ብሪክሌየርስ አርምስ በተባለ ሥፍራ የራሳቸውን ጣቢያ ከፈቱ። ጣቢያው ከከተማው እምብርት የራቀ በመሆኑ ለተሳፋሪ ምቹ አልነበረም፤ ቢሆንም የግሪንዊችን ኩባንያ ለድርድር አስገደደው። በ1845 መጀመሪያ ላይ መስመሩ በሙሉ ለደቡብ ምሥራቅ ኩባንያ ለ999 ዓመት ተከራየ። አንድም ባቡር የማያንቀሳቅሰው የግሪንዊች ኩባንያም ኪራዩን እየተቀበለ እስከ 1923 ድረስ በስም ብቻ ኖረ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ድልድይ ማሰባችሁን አልጠራጠርም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የተዘረጋው በሁለት መስመር፣ አንደኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከቃሊቲ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ነው። ሁለቱም በከተማው መካከል በአንድ ሐዲድ እንዲጠቀሙ ተደረገ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በየመስመሩ በስድስት ደቂቃ አንድ ባቡር እንዲያልፍ ብንፈልግ፣ በጋራው ክፍል ላይ በሦስት ደቂቃ አንድ ባቡር ማለፍ አለበት። የአንዱ መስመር መዘግየት የሌላውም መዘግየት ይሆናል። ይህን የምለው ሐዲዱን የዘረጉትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ገንዘብና ቦታ ባጠረበት ከተማ መካከል አንድ ድልድይ ለሁለት ማካፈል ምክንያት ያለው ውሳኔ ነው። ለማለት የምፈልገው፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን የነገው ማስፊያ ቦታ አብሮ ሊታሰብ፣ በካርታም ላይ ተከልሎ ሊቀመጥ ይገባል ነው።

ለንደኖች የዳኑት በዚህ ነው። በድልድዩ ደቡባዊ ጎን ላይ ሌላ ድልድይ ለመለጠፍ የሚያስችል ቦታ ስለ ነበረ፣ በ1842 ሁለት ተጨማሪ ሐዲዶች ተዘረጉ። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ሌሎች ተጨመሩ። ዛሬ ከሥር ሆኖ ለሚመለከተው የልዩ ልዩ ዘመን ቅስቶች እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። የኮሎኔሉ ድልድይ ለነገው ጭነት የሚበቃ አልነበረም፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ሊጨመርበት የሚቻል ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

የመስመሩ ቀሪ ታሪክ ራስን ከጊዜው ጋር የማስማማት ታሪክ ነው። በ1864 ሐዲዱ ከለንደን ብሪጅ አልፎ እስከ ቻሪንግ ክሮስ፣ በ1866 ደግሞ እስከ ካነን ስትሪት በመድረሱ ተሳፋሪው ወንዙን ተሻግሮ ከሥራው ደጃፍ መውረድ ቻለ። በግሪንዊች በኩል ግን መስመሩ ለአርባ ዓመት ያህል መድረሻው የተዘጋ ሆኖ ቆየ። ከምክንያቶቹም አንዱ የታወቀው የከዋክብት መመልከቻ በአቅራቢያው መኖሩ ነበር። የባቡሩ ንዝረት መሣሪያዎቹን ያውካል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ፣ መስመሩ በመሬት ሥር አልፎ ከምሥራቁ ሐዲድ ጋር የተገናኘው በ1878 ነው።

ከዚያም በኤሌክትሪክ የሚሠራው የመንገድ ትራም መጣ። ትራሙ ርካሽ ነበር፤ በየሰፈሩም ይቆማል፤ ስለዚህ አጭር መንገድ የሚሄደውን ተሳፋሪ ወሰደው። የመስመሩ የመጀመሪያ ጣቢያ የነበረው ስፓ ሮድ በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም አልተከፈተም። ለዚህ ፈተና የተሰጠው መልስ በ1926 መስመሩን በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ለቀላልና ዝግተኛ የእንፋሎት ባቡር የተገነቡት ቅስቶች የኤሌክትሪኩን ባቡርም ተሸከሙ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቅስቶቹ ማንም ያላሰበላቸውን አገልግሎት ሰጡ። የሠፈሩ ድሃ ሕዝብ ከአየር ድብደባ ለመሸሸግ በሥራቸው ያድር ነበር። በጥቅምት 1940 ድሩይድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ በአንደኛው ቅስት ውስጥ የተጠለሉ ብዙ ሰዎች በቦምብ አለቁ። መሐንዲስ የሠራውን ነገር ሕዝብ በጨነቀው ጊዜ ለምን እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ሥራችንን በሐሳብ ጠባብነት እንዳንሠራ ይህም አንድ ማሳሰቢያ ነው።

በመጨረሻም በ1839 የተጀመረው የመጋጠሚያው ችግር ትልቁን መፍትሔ ያገኘው በእኛ ዘመን ነው። በለንደን ብሪጅ ጣቢያ ታላቅ እድሳት ምክንያት በበርመንድሲ አንዳንድ አሮጌ ቅስቶች ፈርሰው፣ የአንዱ አቅጣጫ ባቡር ከሌላው ሥር ዝቅ ብሎ የሚያልፍበት መሻገሪያ ተሠራ። ሥራው በ2018 ሲጠናቀቅ፣ በግሪንዊች በኩል የሚያልፉ አንዳንድ ባቡሮች ከለንደን ባሻገር እስከ ሉተን ይጓዙ ጀመር። ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ የዘገየ እርማት ነው፤ ግን እርማት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ አገር ሄጄ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ቀን ጧት ከለንደን ብሪጅ ተሳፍሬ እስከ ግሪንዊች ሄድሁ። ጉዞው አሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች አንዱ ጋዜጣ ያነባል፤ አንዷ ልጇን ታባብላለች፤ አንዱ ያንቀላፋል። በ1836 በተገነቡ ቅስቶች ላይ እየሄዱ መሆናቸውን ያሰበ አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም። በመመለሻዬ ከዴትፎርድ ወርጄ ቅስቶቹን በእጄ ዳሰስኋቸው። የተተካ ጡብ አለ፤ በአዲስ ልስን የተሞላ ስንጥቅ አለ፤ በኋላ የተጨመረ የውሃ መውረጃ ቱቦም አለ። ድልድዩ ለዛሬ የበቃው የመጀመሪያው መሐንዲስ ስላልተሳሳተ ሳይሆን፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እየተመለከቱ ስለ ጠገኑት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

እንግዲህ በንግግሬ መጀመሪያ ያነሣሁትን ጥያቄ ልመልስ። ዕቅዱ ወድቆ ሥራው የቆመው፣ ሥራው ሊታረም የሚችል ስለ ነበረና የሚያርመውም ሰው ስላልጠፋ ነው። መሐንዲስ ነቢይ አይደለም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከተማው ወዴት እንደሚሰፋ፣ ተሳፋሪው ስንት እንደሚሆን፣ ምን ዓይነት ባቡር እንደሚመጣ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ሊያደርግ የሚችለውና የሚገባው ግን፣ የሚሳሳትበትን ነገር ተከታዩ እንዲያርመው በር ከፍቶ መተው ነው።

ይህም ለእኛ ባዶ ቃል እንዳይሆን ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማናቸውም የባቡርም ሆነ የመንገድ ሥራ ሲነደፍ የማስፊያው ቦታ በሕግ ተከልሎ እንዲቀመጥ ማኅበሩ ድምፁን ያሰማ። ሁለተኛ፣ የጥገናና የመለዋወጫ ገንዘብ ከግንባታው ገንዘብ ጋር አብሮ እንዲያዝ እንጠይቅ። ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከተገዙት 41 ባቡሮች መካከል በ2015 ዓ.ም. ገደማ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ምክንያት ቆመው እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የሥራው መጨረሻ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ነው። ሦስተኛ፣ ስሕተታችንን እንመዝግብ። በየመጽሔታችን ላይ የሚወጣው የተሳካው ሥራ ብቻ ነው፤ ያልተሳካው ግን በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ወጣት መሐንዲስ የውሃ መውረጃ ቱቦ እንዲቀነስ የሚጠይቅ ወረቀት ሲቀርብለት፣ የእኔን ድልድይ ታሪክ ቀደም ብሎ አንብቦ ቢሆን ምናልባት ብዕሩን ያስቀምጥ ይሆናል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የተናገርሁት ይህንኑ ለመጀመር ነው። ከእኔ የበለጠ የሠራችሁ ታላላቆቼ ከእኔ የበለጠ የምትነግሩን እንዳላችሁ አምናለሁ።